መጽሐፍም እንደ ጽዋ ይዙር

«መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፤ ተውሶ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው» ይባላል። የሰማው ሁሉ ይስቃል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፎ እንደ ሕግ ይሠራል። መደርደሪያው መስታወት አለው፣ መስታወቱ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ የት እንዳለ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። እንግዳ «ይቺን ላንብባት?» ሲል «እሷ እንኳ የሰው ናት» ተብሎ ይሸኛል።

እኔ የምለው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። ለሰው መስጠት ያለባችሁ የተረፋችሁን መጽሐፍ ሳይሆን በጣም የምትወዱትን ነው። ያውም በፖስታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ስድስት አንባቢዎች ይሰባሰባሉ። በአንድ ከተማ መኖር የለባቸውም፤ እንዲያውም አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ደባርቅ፣ ሌላው ባሕር ዳር ቢሆን ይሻላል። እያንዳንዱ የሚወደውን አንድ መጽሐፍ ይመርጣል። የስም ዝርዝር ይወጣል፣ ተራ ይያዛል። በተባለው ቀን ሁሉም መጽሐፉን ለተረኛው ይልካል። አብሮት አንድ ደብተር ይሄዳል። የደረሰው ሰው ያነባል፣ የተሰማውን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ለቀጣዩ ይልካል። ዙሩ ሲያልቅ መጽሐፉም ደብተሩም ወደ ባለቤቱ ይመለሳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሌላው ዓለም መጽሐፍን ማዞር በብዙ መንገድ ሞክሯል። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ቡክክሮሲንግ መጽሐፉን አግዳሚ ወንበር ላይ ወይም ካፌ ውስጥ ትቶ መሄድን አስለመደ። መጽሐፉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያገኘው ሰው ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ያስገባና የት እንደደረሰ ይታወቃል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ጎንደር ፒያሳ ላይ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ የተተወ መጽሐፍ ያየ ሰው ቁጭ ብሎ አያነበውም። ባለቤቱን ፍለጋ ይሯሯጣል። ካጣው ለካፌው ገንዘብ ያዥ በአደራ ይሰጣል። አደራ የተባለ ዕቃ ደግሞ አይነካም፤ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።

ለመሆኑ የተዋስነው መጽሐፍ ለምንድን ነው የሚጠፋው? ሰው ሌባ ስለሆነ አይመስለኝም። ከኋላ ተሰልፎ የሚጠብቀው ስለሌለ ነው። ያዋሰው ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። የተዋሰው «ዛሬ ነገ» ይላል። ቤት ሲለቀቅ መጽሐፉ ከሌላው ጋር ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከዓመታት በኋላ የማን እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም።

የጽዋ ማኅበርን ተመልከቱ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ጽዋ ጠፋ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተረኛው የሚረከበው ሰው ሁሉ እያየ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ማን እንደሚወስድ ይታወቃል። ቀኑም የታወቀ ነው፤ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21። «ትንሽ ላቆየው» የሚል የለም። መጽሐፍም ተረኛ ካለው እንደዚያው ነው። ለባለቤቱ «ገና አልጨረስኩም» ማለት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ አንዴ አንብቦታል። ተራው ደርሶ ፖስታ ሣጥኑን ባዶ አግኝቶ ለሚመለስ ሰው ግን ምን ይባላል?

የጥንቶቹ ይህን ችግር በግዝት ነበር የሚከላከሉት። በብራና መጻሕፍት ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። መፋቅ ምን አመጣው እንዳትሉ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚፍቀው የባለቤቱን ስም ነው። እኛ የማውገዝ ሥልጣን የለንም። የስም ዝርዝር ማውጣት ግን አያቅተንም።

«መጽሐፉ ቤቴ ቢቀመጥ አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለእሱ መቅደላን አስታውሰዋለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት እዚያ አምባ ላይ ተከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ አብረው ሄዱ። 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። እዚሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ እስካሁን ቆሟል። ጎብኚ ገብቶ የሚያየው ግን ግድግዳውን ነው። ቁልፍ መጽሐፍን ከጎረቤት ልጅ ሊያድነው ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን ብዙ አልጠብቅበትም።

አሁን ሰው በጣም ወደሚቆጣበት ነገር ልምጣ። እኔ መጽሐፉ ላይ ይጻፍበት እላለሁ። በእርሳስ፣ ዳር ዳሩን፣ ግን ይጻፍበት። መምህሮቻችን «መጽሐፍ ላይ አትጻፉ» እያሉ ነው ያሳደጉን። የመማሪያ መጽሐፍ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ስለሚተላለፍ ልክ ነበሩ። የገዛ መጽሐፋችሁ ግን ሌላ ነው።

ደግሞስ ጎንደር ይህን ልትከለክል አትችልም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ከተማ ማን ለማን መሬት እንደሸጠ፣ ማን ለማን ርስት እንዳወረሰ፣ ማን ምስክር ሆኖ እንደቆመ የታሪክ ምሁራን ከየት ያገኙት ይመስላችኋል? አብዛኛውን ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው። ውል ሲዋዋሉ የሚታመን ወረቀት ያ ነበር። ዛሬ ያ ኅዳግ ባይኖር የከተማዋ የኑሮ ታሪክ ግማሹ አይታወቅም ነበር።

ከዚያም በላይ የምቀናው በአንድምታ ሥርዓት ነው። የጉባኤ ቤት መምህር አንዱን ንባብ ሲተረጉም የአንዱን ሊቅ ሐሳብ ጥሎ የሌላውን አያነሣም። አንዱን ይናገራል፣ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፣ እንደገና «አንድም» ይላል። ተማሪው ሁሉንም ይይዛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ያስተማሩት መምህር ኤስድሮስ የታች ቤት የሚባለው ትርጓሜ መነሻ ናቸው፤ ከእሱ በፊት የነበረው የላይ ቤት ትርጓሜም አልጠፋም፣ ሁለቱም አብረው ኖሩ። አብሮ የሚዞረው ደብተርም የሚያምረው እንዲህ ሲሆን ነው።

በእኛ ዙር በአንዱ ልብ ወለድ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው አንባቢ ዋናው ሰውዬ ፈሪ ነው ብሎ ጻፈ። ምክንያቱን በሦስት ገጽ ዘረዘረ። ቀጣይዋ ከሥሩ «አንድም እናቱን ላለማሳዘን ነው» ብላ በአንድ መስመር አለፈች። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ የእናትየዋን ዶሮ ወጥ አሠራር ተቸ፤ ሽንኩርቱ ቶሎ ነው የበሰለላት አለ። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ቢሰበሰቡ የመጀመሪያው ሰውዬ አውርቶ አይጨርስም ነበር። የንባብ ክበብ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል፤ ድምፁ የጎላ ሰው መድረኩን ይይዝና ዝምተኛው ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ደብተር ላይ ዝምተኛውም እኩል ገጽ አለው። ማንም አያቋርጠውም።

ለምን በፖስታ? ሰው እያለ?

እርግጥ የእኛ ሀገር ሰው ዕቃ የሚልከው በሰው ነው። ለሹፌር ይሰጣል፣ ለረዳት ይሰጣል፣ ለሚሄድ ዘመድ ያስይዛል። አንድ ጊዜ ጥሩ ነው። በየወሩ ሲሆን ግን ይከብዳል። ተቀባዩ በሌሊት መናኸሪያ ይቆማል። ሹፌሩ ስልክ አያነሣም። ዘመድየው ደርሶ «ረስቼው ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ና» ይላል። ውለታውም ይቆጠራል። ፖስታ ውለታ የለውም። ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ቁጥር አለው፤ ተቀባዩ መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ይወስዳል።

የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሀገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የጎንደሩ ፖስታ ቤት ፒያሳ ላይ ጣሊያን በሠራው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ከፋሲል ግቢ በእግር የሚደረስ። በፊቱ በየቀኑ የሚያልፍ ወጣት ስፍር ቁጥር የለውም። ወደ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ ብትሉት ግን ብዙው ለፈተና ምዝገባ ወይም ለማስረጃ እንጂ ለደብዳቤ አልገባሁም ይላችኋል።

ችግሩ አድራሻ ነው። ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም፤ በሣጥን ነው። የራሱ ሣጥን ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የትምህርት ቤታችሁን ሣጥን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙ። መዝገብ ቤት ያለችውን ሠራተኛ ግን ቀድማችሁ አነጋግሯት። ካልነገራችኋት ፖስታው ከግዥ ሰነድ ጋር ፋይል ተደርጎ ሊቀር ይችላል።

ክረምት ላይ በላስቲክ ጠቅልሉት። ከቤት አሽጋችሁ አትሂዱ፤ መስኮቱ ላይ ይፈተሻል። ፕላስተሩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አሽጉ።

ስለ መንገዱ የማትጠይቁኝ አይመስለኝም። በእኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋ ፖስታም ይቆማል። የሚዋሽ የለም። ስለዚህ ቀን የሚቆጠረው መጽሐፉ እጅ ከገባ ጀምሮ ይሁን፤ ከተላከ ጀምሮ ከሆነ ዙሩ በሁለተኛው ወር ይፈርሳል። የዘገየ መጽሐፍ የጠፋ አይደለም። በእርግጥ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም አዋጥቶ ለባለቤቱ ሌላ ይግዛለት፤ የላከው ሰው ብቻውን አይክፈል። ለዚህም ነው የአባታችሁ መታሰቢያ የሆነውን፣ ገበያ ላይ የሌለውን መጽሐፍ አትላኩ የምለው። የምትወዱትን ብዬአለሁ፤ የማይተካውን አላልኩም።

ወጣቶቹ «ቴሌግራም ላይ በነፃ ፒዲኤፍ እያለ ምን አደከማችሁ?» ይላሉ። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ያወረደ አነበበ፣ ያላወረደ ቀረ። ግን ዋናው ቅሬታዬ ይህ አይደለም። ያ ፒዲኤፍ በአብዛኛው ደራሲው ያላወቀው ቅጂ ነው። አንድ ሰው ስካን ያደርገዋል፣ ሺህ ሰው ያወርደዋል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አስቀምጦ አያነበውም። «እናንተስ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ታነቡ የለ?» ብትሉኝ አዎ፣ እናነባለን። ግን ቅጂው አልተባዛም፤ የተገዛው አንዱ ራሱ ነው የሚዞረው። ደግሞ መጽሐፉን የወደደው ሰው ከእጁ ሲወጣበት ይናፍቀዋል። በእኛ ዙር እንዲህ ሆኖ የራሱን የገዛ አለ።

ዋጋውም ሌላ ነገር ነው። የወረቀትና የቀለም ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ስትገዙ የምታስቡት ሁለቴ ነው። በደመወዝ የሚኖር መምህር በወር አንድ መግዛት ከቻለ ጎበዝ ነው። ስድስት ሰው አንድ አንድ ገዝቶ ስድስት ማንበብ ሲችል ለየብቻ መቸገር ምን ይባላል?

ከፖስታ ቤቱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የመጽሐፍ ታሪፍ ዝቅ ይበል፣ መስኮቱ ላይም በትልቁ ይለጠፍ። አሜሪካ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጽሐፍ የተለየ ዝቅተኛ ክፍያ አላት። የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነትም ለዓይነ ስውራን የሚላኩ ጽሑፎችን፣ ከአየር መጓጓዣ ጭማሪ በስተቀር፣ ከፖስታ ክፍያ ነፃ ያደርጋል። መርሁ አዲስ አይደለም ማለት ነው። መጽሐፍ እንደ ጫማ ካርቶን መታየት የለበትም።

የጎንደር ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይህን ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ። የንባብ ክበብ አላቸው፣ ብዙዎቹ የፖስታ ሣጥንም አላቸው። አንዱ የአዘዞ ትምህርት ቤት ከአንዱ የደባርቅ፣ አንዱ የማራኪ ከአንዱ የደብረ ታቦር ጋር ቢጣመር ለመጀመሪያው ዙር አራት መጽሐፍና አራት ደብተር ይበቃል። መምህሩ ዝርዝሩን መስከረም ላይ ያውጣ፤ ፈተና የሚበዛበትን ጥርና ሰኔን ይዝለል።