«እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው»

ይህን ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው ያለኝ። ማንን እንደምል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ያ ሌዘር በኪሱ ይዞ የሚዞረው። ስሙን አልጠራም፣ አያስፈልግም።

ገና ከዋርሀመር ውድድሩ አዳራሽ መውጣቴ ነው፤ ዋርሀመር በትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ የምንጫወተው የጦር ጨዋታ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ፣ ደሜ ፈልቷል።

መሸነፌ አይደለም ያንገበገበኝ። ዋርሀመር ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሜ ተሸንፌያለሁ። ብዙውን ጊዜ እየሳቅኩ ነው ከጠረጴዛው የተነሳሁት። የሚሻለኝ ሰው ሲያሸንፈኝ ደስ ይለኛል፣ የሆነ ነገር ተምሬ እሄዳለሁ። ዛሬ ይዤ የወጣሁት ንዴት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነበርን። አሥሩን ካዲያኖቼን፣ እግረኛ ወታደሮቼን፣ መሃል ያለው ግንብ ጀርባ ላስቀምጥ ነው። የነጥቡ ምልክት እዚያ ነው ያለው፣ ካልያዝኩት ነጥብ የለም። የእሱ ጦር ደግሞ ታው የሚባለው ተኳሽ ጦር ነው። ታው ከሩቅ ካየህ አለቀልህ። ስለዚህ ገና ስጀምር ያስተማራችሁኝን አደረግኩ። ሐሳብሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ተስማሙ፣ ከዚያ ወዲያ በሚሊ ሜትር አትጨቃጨቁ ብላችሁኝ አልነበር?

«እነዚህን አሥሩንም ከግንቡ ጀርባ ነው የማስቀምጣቸው። ከዚያኛው ታንክህ ምንም እንዳይታዩ አድርጌ። ተስማማን?»

«እሺ።»

«ዝቅ ብለህ እየው። የሚታይህ ነገር ካለ አሁኑኑ ላስተካክል።»

«እሺ አልኩሽ እኮ እህቴ፣ ሰዓት እየሄደ ነው!»

አስቀመጥኳቸው። ተራዬን ጨረስኩ። የእሱ ተራ ገና ከመድረሱ ማን ለማን እንደሚታይ የሚያይበትን ሌዘሩን መዘዘ። ተንበረከከ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እይልኝ ስለው መጎንበስ የከበደው ሰውዬ አሁን ወለሉ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው።

«ባንዲራዋ ትታየኛለች።»

«የቷ ባንዲራ?»

«ያቺ ስቴኪኒ።»

የሳጅኑ ባንዲራ ናት። ስቴኪኒ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀብቼ የሠራኋት። አይታችኋታል፣ ፎቶዋን ለጥፌ ነበር። ጫፏ ከግንቡ በላይ የምስር ፍሬ ታህል ብቅ ብላለች።

«እንዴ! እንዳይታዩ ብዬህ እሺ አልከኝ እኮ!»

«እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው።»

«በቃ ግማሽ ኢንች ወደ ኋላ ልሳባቸው። ቦታ አለ፣ አየኸው? ያኔ ብትነግረኝ እስባቸው ነበር።»

«ተራሽ አልፏል። እህቴ፣ ውድድር ነው እኮ። ሰፈር ውስጥ ገበጣ የምትጫወቺ መሰለሽ?»

አጠገባችን የቆሙ ልጆች ከት ብለው ሳቁ። አሥሩም ወታደሮቼ አለቁ። አንድ በአንድ እያነሳሁ ሳጥናቸው ውስጥ መለስኳቸው። እስቲ ፍረዱ!

ሕጉን ደግሞ ማንም እንዳያስተምረኝ። አንብቤዋለሁ። በምንጫወትበት በአሥረኛው እትም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ ከወታደሩ የትኛውም ክፍል ከታየ ታየ ነው። ባንዲራውም ይቆጠራል። ከቡድኑ አንዱ ከታየ ደግሞ ቡድኑ በሙሉ ይተኮስበታል፣ የማይታዩትም ይሞታሉ። ስለዚህ በሕጉ ልክ ነው። ይሁን። እኔ ግን ሕጉን መች ጠየቅኩት? ቃሉን ነው የጠየቅኩት። መለካትም ማየትም በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል። እይ ብዬ ለምኜዋለሁ። ሳይጎነበስ ነው እሺ ያለኝ። ይህን ማንም አያስክደኝም።

ገበጣን ደግሞ እንዴት እንደዚያ ይላታል? ገበጣ የተማርኩት ዳንግላ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ጠጠር ስትዘራ እጇ አይታይም፣ አንዴ ከጀመረች ጠራርጋኝ ነው የምትነሳው። ግን ልጅ ሆኜ ከማይሆን ጉድጓድ ላነሳ ስል እጄን ይዛ «ቆይ፣ ከዚህ ብትነሺ የት ትወድቂያለሽ? እስቲ ቁጠሪው» ትለኝ ነበር። እቆጥራለሁ። አስባለሁ። ከዚያ ነው የምትበላኝ። እሷ ጋ ስሸነፍ አንድም ቀን አልተዋረድኩም። የድሮ ሰዎች ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንኳ ንጉሥን በደር (ሩክ በሚባለው) ወይም በፈረስ መግደል እምብዛም አያስመሰግንም ነበር። በመደቅ፣ በተራው ወታደር፣ የገደለ ነበር የሚደነቀው። ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን አሸናነፉም ይታይ ነበር። ይሄ ልጅ ገበጣን ለስድብ ሲያነሳት ነው አንጀቴ ያረረው።

በመጀመሪያው ዙር ያደረገውንም ልንገራችሁ። ትልልቆቹን ሱቶች፣ ሮቦት የሚመስሉትን ተዋጊዎቹን፣ ማንቀሳቀስ ረሳ። መተኮስ ጀምሮ፣ ዳይስ ጥሎ፣ የኔን ሰዎች ገድሎ ነው ትዝ ያለው። «እህቴ አንዴ ልመለስ፣ ረስቼው ነው» አለ። ተመለስ አልኩት። ምን ቸገረኝ! ጨዋታ ነው ብዬ። ያኔ ተራው አላለፈም ነበር? ያኔ ውድድር አልነበረም?

ሲንቀሳቀስ ደግሞ እዩት። ሜትሩን ወታደሩ ከቆመበት ክብ መቆሚያ ፊት ለፊት ይዘረጋል፣ ወታደሩን ሲያሳርፍ ግን የመቆሚያው ኋላ ነው ሜትሩ ጫፍ ላይ የሚያርፈው። የሱቶቹ መቆሚያ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ሁለት ኢንች በነፃ! የኔ ሰዎች ስድስት ኢንች ለመራመድ ይለፋሉ፣ የእሱ ሱቶች ጠረጴዛውን በሙሉ ያካልላሉ። «ከፊት እስከ ፊት ለካ» ስለው «አዲስ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። አዲስ ሰው ሜትር ማንበብ አይችልም?

ዳይሱስ! ግንብ ተደግፎ ስድስት ሲያሳይ «ደህና ነው»። ግንብ ተደግፎ አንድ ሲያሳይ «ተንጋዷል፣ ይደገም»። ሳልቆጥር ሰብስቦ ያነሳል። «ስንት መታህ?» ስለው ቁጥር ይነግረኛል፣ እኔ ማመን ብቻ ነው። የመታውን ጠረጴዛው ላይ ትተህ ያልመታውን አንሳ፣ ሌላው ሰው እንዲያይ። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ነው እኮ።

ሰዓቱንም በልቶታል። የእያንዳንዳችን ጦር ዋጋ 1000 ነጥብ የሆነበት ጨዋታ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተሰጥቶናል። አምስት ዙር መሄድ አለበት። ሦስተኛውን እንኳ ሳንጨርስ ሰዓቱ አለቀ። «ሰዓት እየሄደ ነው» የሚባለው በኔ ተራ ላይ ብቻ ነው። በእሱ ተራ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። የቼዝ ሰዓት አምጡ ስንል ስንት ጊዜ ሆነን? ትልልቅ ውድድሮች ላይ ይጠቀሙበታል። እኛ ጋ «ኧረ ጓደኛሞች ነን» ይባላል።

ዳኛውን ጠራሁት። ስልኩ ላይ ነበር። ቀና ሳይል «እናንተው ተስማሙ» አለን። ወንድሜ፣ ብንስማማ መች እንጠራሃለን? የጦር ጨዋታን ገና በ1824 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ የጦር መኮንኖች መጫወት ሲጀምሩ ዳኛ መሃል ቆሞ ነበር። ሁለቱም ትእዛዛቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፣ የሆነውን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት መቶ ዓመት! እና የእኛው ዳኛ ዛሬም «ተስማሙ»።

አሁን የባጃጁ ልጅ ተጨማሪ ሃያ ብር እያለኝ ነው። ስንነሳ ዋጋ ተነጋግረን እሺ ብሎኝ ነበር! እሱም ሰምቻለሁ ለማለት ይሆናላ። ምን ዓይነት ቀን ነው በጌታ።

የቀለሙ ነገርስ? ይሄ ከጨዋታው በፊት ነው። በጨዋታው ከሚገኘው መቶ ነጥብ አሥሩ ተቀብቶ ላለቀ ጦር ነው የሚሰጠው። የኔ ጦር ተቀብቶ ያለቀ ነው። መብራት በጠፋባቸው ማታዎች በሻማ ነው የቀባሁት። መቆሚያቸው ላይ ከዓባይ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ ነፍቼ፣ በኮላ አጣብቄ፣ ቡናማ ቀለም አልብሼዋለሁ። ሰውዬው አንዱን በጥፍሩ ፍቆ «ይሄ እኮ አፈር ነው፣ አሥሩ ነጥብ አይሰጥም» አለ። አዎ አፈር ነው! መሬት ላይ የቆመ ወታደር ምን ላይ እንዲቆም ፈለገ? የዚያን ጊዜ ሌሎች ልጆች ጮኹበትና ተወው። እግዜር ይስጣቸው። ቢያንስ እነሱ ነበሩልኝ።

ሳይጠይቅ ሲነካም ዝም እንዳልኩ ልብ በሉ። የሰው ሞዴል ሳይጠየቅ አይነካም። ባለፈው አንዱ፣ ሌላ ሰው ነው፣ ኮሚሳሬን፣ የጦሬን መኮንን፣ ብድግ አድርጎ ሲያገላብጥ ክንዱ ተገነጠለ። «በኮላ ይያዛል» ብሎ አስቀመጠልኝና ሄደ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ሌላው ደግሞ ሊስቴን፣ የጦሬን ዝርዝር፣ አይቶ «ይሄ ቆሻሻ ነው» አለኝ። እኔ የት ላምጣ? ያለኝ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣ ያመጣልኝና ልጆቹ በፕሪንተር ያተሙልኝ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሱቅ ገብቼ አልመርጥ።

እማዬ መጀመሪያ ሳጥኑን ስታይ ደነገጠች። «ልጄ፣ የጦር ወሬ አልበቃንም?» አለችኝ። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ይሄኛው ማንም የማይሞትበት ነው፣ ሲያልቅ ሰዎቹ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ አልኳት። እውነቴን ነበር። ይህን ጨዋታ የወደድኩት ለዚያ ነው። በዚህ ዘመን ከቤት ወጥቶ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ ከብቦ፣ ሁለት ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰውዬው ያበላሸብኝ ይህን ነው፣ አሥር ፕላስቲክ አይደለም።

ደግሞ ስንት ነንና ነው? ያለን ጠረጴዛ ይታወቃል። የምንጫወተው ሰዎችም እንተዋወቃለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እንዲህ አዋርዳችሁ ከላካችሁት ነገ ከማን ጋር ልትጫወቱ ነው? ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ልጅ ለምን እንደቀረች ማንም ጠይቋታል? እኔ ጠይቄያታለሁ። የነገረችኝ ከዛሬው ጋር አንድ ነው፣ ሰውዬውም ያው ነው። ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ጊዜ መጥታ!

ሌላ ቦታ ውድድር ሲያልቅ እያንዳንዱ ተጫዋች ከገጠሙት ሰዎች በጨዋነቱ የወደደውን ይመርጣል። ሽልማትም አለው። እኛም ይህን እናድርግ ብለን ነበር። «ጊዜ የለም» ተብሎ ተሰረዘ። ለፎቶ ግን ጊዜ ነበር። አሸናፊው ሌዘሩን ከፍ አድርጎ ሲነሳ አይቻለሁ።

ሲያልቅ እጁን ዘረጋልኝ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር» አለኝ። ጨበጥኩት። ያሳደገችኝ እናት አለች፣ እጅ ተዘርግቶ አይመለስም። «ለኔ ጥሩ አልነበረም» ስለው ግን ገረመው። «ለምን? ሕግ ጣስኩ እንዴ?» አለኝ። ገብቶት አይደለም። ጭራሽ አልገባውም። እኔም ማስረዳት ደከመኝ፣ ሳጥኔን ዘግቼ ወጣሁ።

እዚህ ድረስ ጽፌ አዘጋጁ መልእክት ላከልኝ። ለቀጣዩ ውድድር ምዝገባ ተከፍቷል፣ ትመጫለሽ ወይ ይላል። ሐሳብ ተነግሮ እሺ ከተባለ ተራ ሲቀየር አይሻርም የሚል አንድ መስመር ሕጋችሁ ላይ ጻፉ፣ ዳኛውም ስልኩን ያስቀምጥ፣ ያኔ እመጣለሁ ብዬ መለስኩለት። አንብቦታል። እስካሁን ምንም አላለም።