ዋስ የሌለው ሰው የት ይደር?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ነዋሪው ተሰብስቦ ነበር። ቤት የሚያከራይ ሁሉ ከእንግዲህ ተከራይ ከማስገባቱ በፊት ሰውየው ከነበረበት ቀበሌ የተጻፈ መሸኛና የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ እንዲቀበል ተወሰነ፤ ውሳኔውም በማግስቱ ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ «ዋስ የሚሆነን ሰው የማናውቀውስ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀች። ከመድረኩ የተሰጣት መልስ ከውሳኔው የባሰ ነው፦ «ጥሩ ሰው ዋስ አያጣም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ተቀመጠች። ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጥሩ ሰው ዋስ አያጣም ማለት ዋስ ያጣ ሰው ጥሩ አይደለም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ለመሆኑ የሰውን ጥሩነት የሚያውቀው ማን ነው? አብሮት የበላ፣ አብሮት የሠራ፣ ሲታመም የጠየቀውና ሲያዝን ያጽናናው ነው። ትናንት ከመናኸሪያ የወረደን ሰው ደብረ ብርሃን በምን ታውቀዋለች? ዋስ የሚያገኘው ጥሩ ሰው ሳይሆን ዘመድ ያለው ሰው ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የሦስት ቤት ኪራይ በልቶ የጠፋ ሰው ነገ ጠዋት አምስት ዋስ አሰልፎ ይመጣል፤ አጎቱ ከአንድ ቢሮ፣ የክርስትና አባቱ ከሌላው፣ የሚስቱ ወንድም ከትምህርት ቤት። ሃያ ዓመት የሰው ሳንቲም ነክታ የማታውቅ መበለት ግን ከወረዳዋ ወጥታ እዚህ ስትደርስ አንድ ፈራሚ አታገኝም። ታዲያ ይህ ማጣሪያ ያጠለለው ምኑን ነው?

በሐምሌ አጋማሽ አንዲት ከመሀል ሜዳ የመጣች ልጅ ቤት ስትፈልግ አብሬአት ዞሬአለሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ ትሠራለች፤ የእናቴ አገር ልጅ ስለሆነች ነው ወደ እኔ የላኳት። ከጠባሴ ጀምረን ደላላው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ጭቃውን እያቦካን ሄድን። የደብረ ብርሃንን የክረምት ምሽት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ቢያባራም ብርዱ አጥንት ይበሳል። የመጀመሪያው በር የተከፈተው በስንዝር ልክ ነው። የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በስንጥቁ አዩን።

«ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«ላጤ ነሽ? ወንድ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ማታ በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? እኔ በሁለት ሰዓት በር ነው የምቆልፈው።»

«ሥራዬ በፈረቃ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ...»

በሩ ተዘጋ። ሁለተኛው ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደምትጋግር ጠየቋት፤ ሦስተኛው ቤት የአባቷን ስም፣ ከዚያ የአያቷን ስም። አራተኛው ቤት «ዋስሽ ማን ነው?» አሏት። ልጅቷ በየደጁ ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል ታወጣለች፤ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለውን ትፈታና የፋብሪካ መታወቂያዋንና የደመወዝ ወረቀቷን በሁለት እጇ ትዘረጋለች። አንድ ሰው እንኳ ተቀብሎ አላነበበውም። በየወሩ ስንት እንደምታገኝ፣ ኪራዩን መክፈል እንደምትችልና እንደማትችል የጠየቃት አልነበረም። መልሳ ትጠቀልለዋለች፤ ወደሚቀጥለው በር እንሄዳለን።

የመሀል ሜዳ ልጅ ናት እንግዲህ። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ! ለእሷ እንዲህ የጠበበ በር ከሩቅ ለመጣው ምን ያህል እንደሚጠብ አስቡት።

አሁን ወደ ዋሱ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ መርዝ ያለው እዚያ ነው። እኔ መምህር ስለሆንኩ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ሲባል ከሚፈለጉት አንዱ ነኝ፤ እስካሁን ለሦስት ሰው ፈርሜአለሁ። ሦስቱም ወረቀቶች ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፦ ተከራዩ ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ። ማንኛውም ጉዳት! ቤቱ ቢቃጠል እኔ፣ ቆጣሪው ቢሰበር እኔ፣ ሰው ቢደበደብ እኔ። አራተኛው ሰው በመጣ ጊዜ ባለቤቴ «ልጆችህን በወረቀት ልታስይዝ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልፈረምኩም። ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም እንተፋፈራለን።

ይህን ወረቀት እንደ ጋሻ ደረታቸው ላይ ለጥፈው የሚተኙ አከራዮች ግን አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ስለ ዋስትና የሚለው ግልጽ ነው፤ ዋስትና በግምት አይያዝም፣ ዋሱም የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። እኔ የፈረምኳቸው ሦስቱም ወረቀቶች የገንዘብ መጠን የላቸውም። ሌሎች ሲፈርሙ ያየኋቸውም የላቸውም። ስለዚህ ቀበሌው በግድ ያስፈለገው፣ ከተማው ሙሉ የሚንከራተትለት ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ባዶ ወረቀት ነው። አከራዩን አይጠብቅም። ተከራዩን አያስተካክልም። የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳውን ከደጅ ይመልሳል። ለዚያ ከሆነ የተፈለገው በግልጽ ይነገረን።

ደግሞ ዋስ ሆኖ ለመፈረም የሚጨነቀው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ቃሉን የሚያከብር፣ ኃላፊነት የሚፈራ ሰው እጁን ይሰበስባል። ነገ ቢጠሩት የማይገኝ፣ ለቃሉ ደንታ የሌለው ሰው ግን ለአሥርም ለሃያም ይፈርማል። ያን ቀን ምሽት ደላላው ልጅቷን ገለል አድርጎ «ዋስ እኔ ላምጣልሽ» ብሎ ዋጋ ሲጠራላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥሩ ሰው አያጣውም የተባለው ዋስ እንግዲህ በገንዘብ ይሸጣል ማለት ነው፤ የሚገዛውም የሚከፍለው ያለው ነው።

ከገንዘቡ የሚከፋም አለ። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ከተማ ውስጥ ጣሪያ የምታገኘው አንድ ሰው ስለፈረመላት ከሆነ የዚያ ሰው ባለዕዳ ሆና ትኖራለች። ፊርማውን አነሳለሁ ባላት ቀን ዕቃዋ ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለማታውቀው ሰው፣ ያውም ለወንድ፣ ሲሰጥ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ያንን ውሳኔ ያጸደቁ አባወራዎች ሁሉ ሴት ልጅ አላቸው። ልጃቸው ነገ ሐዋሳ ወይም ጎንደር ሥራ ብታገኝ ማን ፈርሞ እንዲያስገባት እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ።

መሸኛውስ? ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚሁ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ቻይና ካምፕ፣ የገባ ሰው መሸኛ ከማን ያምጣ? ከጥይት የሸሸበትን ቀበሌ ተመልሶ «መልቀቂያዬን ጻፉልኝ» ይበል? ለመጠየቅ እንኳ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን ያለ ልዩነት ተጽፏል። ከካምፑ ወጥቶ በቀን ሥራ ቤት የተከራየ አንድ አባት አውቃለሁ። አራት ልጆች አሉት። «ስንት ናችሁ?» ሲባል «ሁለት ልጅ አለን» ብሎ ገባ፤ ሁለቱን ትልልቆች ካምፕ ላሉ ወገኖች አደራ ሰጥቶ። ከወር በኋላ አንዱን «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሊጠይቀን መጥቶ ነው» ብሎ አመጣው። ልጁ በአከራዩ ፊት አባቱን «አጎቴ» እያለ እንዲጠራ ተነግሮት ነበር። አንድ ቀን ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ «አባዬ!» ብሎ ጮኸ። በሳምንቱ ቤቱን ለቀቁ።

ጊዜው አስጊ ነው፣ ማን እንደሚገባ ማወቅ አለብን የሚሉትን አልሰማሁም አይደለም። ጊዜው አስጊ ነው። ማን እንደገባ ማወቅ ግን የዋስ ሥራ አይደለም፤ የመታወቂያ ሥራ ነው። ለዚህ ደግሞ አገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን አውጥታለች፤ የሰውን የጣት አሻራና ዓይን የመዘገበ መታወቂያ እያለ የአጎት ፊርማ ከእሱ የተሻለ ምን ይናገራል? አከራዩ የፋይዳውን ቅጂ ይያዝ፣ ማን እንዳስገባ ለቀበሌው ያሳውቅ፤ ማንም አይቃወምም። ክፉ ያሰበ ሰው እንደሆነ ወረቀት ቸግሮት አያውቅም። ማህተም የሚያስቀርጽ ጠፍቶ ነው? ወረቀት የሚቸግረው ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ነው።

አከራዮች የሚሉት ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። በአንዲት ሰርቪስ ቤት ኪራይ የሚተዳደሩ ጡረተኛ እናቶች አሉ፤ የሦስት ወር መብራትና ውሃ ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ የጠፋ ተከራይ የእነዚህን ሰዎች ጉሮሮ ዘግቷል። ለዚህ የሚሆነው ግን ቀላል ነው፦ ቅድሚያ ክፍያ፣ የቆጣሪው ንባብ የተጻፈበት፣ ቁልፍና መስኮቱ የተቆጠረበት የርክክብ ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ የደመወዝ ማስረጃ። ይህን ቢጠይቁ ያቺ የመሀል ሜዳ ልጅ በመጀመሪያው በር ትገባ ነበር፤ ማስረጃዋ በእጇ ነበረና።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ተከራይን ለመጠበቅ ብዙ ነገር ደንግጓል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በሩን አልፎ የገባውን ነው፤ ተከራይ ማስወጣት ሲከብድ አከራይ ደግሞ ማስገባቱን ያጠብቃል። ደጅ የቆመውን ሰው የሚያስታውስ ካልተገኘ አዋጁ ውስጥ ላሉት ግንብ፣ ውጭ ላሉት ደግሞ አጥር ይሆናል። ቀበሌው ሊሠራ የሚገባው አጥሩን ዝቅ የሚያደርግ ሥራ ነበር፤ እሱ እሾህ ደረበበት።

ስብሰባው ሊያበቃ ሲል አንድ አባት ተነሥተው «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» አሉና ሌላ ጭብጨባ ሆነ። አባቴ፣ ይህች ከተማ የማን አገር ናት? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተወለዱት ፈጠጋር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲሠራ ሠራተኛው ከየወረዳው መጣ፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪና መምህር ከመላ አገሪቱ መጣ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ እንደነዚህ ልጆች ያሉ በርካታ ወጣቶች መጡ። ዛሬ በኪራይ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ባለቤቶች ገበያቸው እነዚሁ መጤዎች ናቸው። የመጣ ሰው ባይኖር ማን ይከራያቸው ነበር? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሩ ክፍል መኖሪያ መመሥረት እንደሚችል ሲጽፍ «ዋስ ካገኘ» ብሎ አልጨመረበትም።

እኛ ሸዋዎች ልጅ ሆነን በየገጠሩ ያየነው ሌላ ነበር። ማታ በር ላይ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ የቤቱ ጌታ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይላል። ስሙን የሚጠይቀው እግሩ ታጥቦ ቆሎ ከቀረበለት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ሽፍታ ነበር፤ ያን ጊዜም ጨለማው ያስፈራ ነበር።

ማስታወቂያው ይነሳ። ዋስ የሚለው ይሰረዝ፤ መሸኛ የሚለውም ለተፈናቀለ ሰው እንደማይሠራ በግልጽ ይጻፍ። ከመድረኩ ያን ቃል የተናገሩት ኃላፊም ያቺን ልጅ ባስቀመጧት አዳራሽ ቆመው ቃላቸውን ያንሱ።

የመሀል ሜዳዋ ልጅ ዋስ አላገኘችም፤ እኔም አራተኛ ጊዜ መፈረም ፈርቼ ነበርና ልረዳት አልቻልኩም። አሁን ከሦስት የሥራ ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል፣ በሁለት ፍራሽ ይኖራሉ። ሁለቱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ሁለቱ ይነሣሉ። መታወቂያዋና የደመወዝ ወረቀቷ ዛሬም በዚያው ፌስታል ተጠቅልለው ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው።