የሥራ ሂደቱ ይቅደም ወይስ አርክቴክቸሩ (የሲስተሙ አጠቃላይ አወቃቀር)?

የሥራ ሂደት ባለሙያዋ፦ አዲስ ሲስተም ከመዘርጋቱ በፊት ሥራው ራሱ ይመርመር። የማኔጅመንት ምሁሩ ማይክል ሃመር እ.ኤ.አ. በ1990 የተከራከረውም ለዚሁ ነው፤ የማያስፈልግ ሥራ በኮምፒውተር አይፈጥንም፣ ይወገዳል።

የመኪና አምራቹን ፎርድን እንይ። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የተከፋይ ሂሳብ ክፍሉ (ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፍለው) ከ500 በላይ ሠራተኛ ነበረው። መጀመሪያ የታሰበው ኮምፒውተር አስገብቶ 20 በመቶውን መቀነስ ነበር። በኋላ ግን የጃፓኑ መኪና አምራች ማዝዳ ይህን ሥራ በ5 ሰው እንደሚሠራ ታየ። ማዝዳ አነስ ያለ ድርጅት ቢሆንም ልዩነቱ ያስደነግጣል። የሰውን ጊዜ የሚበላው የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነዱንና ኢንቮይሱን (የሻጩን የክፍያ መጠየቂያ) ማመሳከር ነበር። ሦስቱ አልገጥም ካሉ ክፍያ ይቆማል፣ ፍለጋ ይጀመራል። ስለዚህ ኢንቮይሱን ጭራሽ አስቀሩት። ዕቃው ሲደርስ ተረካቢው ከትዕዛዙ ጋር ያስተያያል። ከገጠመ ይረከባል፣ ክፍያው ይከተላል። ካልገጠመ ይመልሳል። የክፍሉ የሰው ኃይል በ75 በመቶ ቀነሰ። የድሮው ሂደት እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ቢጫን ኖሮ ያው ፍለጋ በስክሪን ይቀጥል ነበር።

የሲስተም አርክቴክቱ፦ ምሳሌዎ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። መጋዘን በር ላይ የቆመው ተረካቢ ትዕዛዙን ያየው በምንድን ነው? ግዢ፣ መጋዘንና ሂሳብ የሚጋሩት ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ባይኖር ኢንቮይሱን ማስቀረት ሕልም ነው።

ሦስት ክፍሎች በየፊናቸው ሂደታቸውን የቀየሩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። እያንዳንዳቸው ፈጣን ሆኑ። ደንበኛው ግን አድራሻ ሲቀይር ሦስት ቦታ ማስመዝገብ ነበረበት፤ በሦስት የተለያየ መለያ ኮድ ተመዝግቦ ነበርና። ያን ሁሉ መዝገብ ለማዋሃድ የፈጀብን ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለሙያዋ፦ የጋራ ዳታቤዝ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ግን ዳታቤዝ ስላለ ብቻ ኢንቮይስ አይቀርም። ያለ ኢንቮይስ ይከፈል ብሎ የወሰነ ሰው አለ። የኮምፒውተር ባለሙያው ሜልቪን ኮንዌይም እ.ኤ.አ. በ1968 ሲስተም የሠሪውን ድርጅት አወቃቀር ይመስላል ብሏል። በክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ሳናፈርስ ሲስተም ከሠራን፣ ግድግዳው ኮድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንድ ፊርማ ለማስቀረት እንኳ ፕሮግራመር ደጅ መጥናት ነው።

አርክቴክቱ፦ ግድግዳው ይፍረስ፣ እስማማለሁ። ግን ኢንቮይሱ መቆጣጠሪያም ነበር። እሱ ሲቀር ክፍያው የሚሰላው ግዢ ክፍል ባስገባው ዋጋ ብቻ ነው። አንድ ሰው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ቢያስገባስ? ተረካቢው የሚያየው ዕቃውንና ብዛቱን ነው። ያንን ዋጋ ማን ያስገባል? ማን ያርማል? ማን አይቶ ብቻ ያልፋል? ይህ ሳይወሰን አዲሱን ሂደት ሰኞ ጠዋት ጀምር ቢሉኝ አልጀምርም።