ማስተካከያ፦ ኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ ስንተኛ እርከን ነው?

ስለ እንግሊዝ የታችኛው እርከን የእግር ኳስ ሊጎች ባለፈው ስጽፍ ኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግን «ስድስተኛው እርከን» ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ሰባተኛ ነው። መረጃዬ አርጅቶብኝ ነው እንጂ ከ1979 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በእርግጥም ስድስተኛ ነበር። በ2004 ኮንፈረንስ የተባለው የአምስተኛው እርከን ሊግ ከሥሩ የሰሜንና የደቡብ ምድብ ሲያቋቁም፣ ኖርዘርንና በእርከን እኩያዎቹ የነበሩት ሳውዘርንና ኢስሚያን ሊጎች አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ተገፉ። ጎል ሳይቆጠርበት የወረደ ሊግ በሉት!

«ሁለት የታች ምድቦች አሉት» ያልኩትም ጊዜው አልፎበታል። ከ2021 ጀምሮ ምዕራብ፣ ምሥራቅና ሚድላንድስ የተባሉ ሦስት ምድቦች በስምንተኛው እርከን ይጫወታሉ። በ1968 መመሥረቱና የመጀመሪያው ሻምፒዮን ማክልስፊልድ መሆኑ ግን እንደጻፍኩት ነው።