ማክቤዝን በሾርት ኖት የጨረሳችሁ እስኪ ኑ

ኧረ በናታችሁ! የሼክስፒርን ማክቤዝ የሚያክል ተውኔት «ጭብጡ ጸጸት ነው» ተብሎ ይታለፋል? የእኛ ክፍል ግን እንዲህ ነው የሚማረው። መምህሩ ቴሌግራም ላይ ሾርት ኖት ይለቃል፣ እኛ እንሸመድዳለን፣ ፋይናል ላይ እንዘረግፋለን። መጽሐፉን ማን ገለጠው? እንግሊዝኛው ከበደን እንዳይባል ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ስንት ዘመኑ!

ኖቱ ስለ ማክቤዝና ስለ ሌዲ ማክቤዝ «ባልና ሚስቱ ንጉሡን ስለገደሉ ጸጸት አሳበዳቸው» ይላል። አለቀ። እንዴ! የተውኔቱ ጉድ እኮ ሁለቱ በተቃራኒ መንገድ መሄዳቸው ነው።

ንጉሡ ዳንከን የተገደለበትን ሌሊት እዩት። ማክቤዝ ጩቤዎቹን እንደያዘ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። «አሜን» ማለት አቅቶት ነበር። «ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም» የሚል ድምፅ ሰምቷል። ሚስቱ ጩቤዎቹን መልስ ስትለው ሬሳውን ዳግመኛ ለማየት ይፈራል። ማን መለሳቸው? እሷ! እጇን ደም አስነክታ መጥታ፣ ትንሽ ውሃ ያጠራናል ትለዋለች። ያን ሌሊት «ከሁለቱ ማን ያብዳል?» ብትባሉ እሱ ነው የምትሉት።

ከዚያ ይገለበጣል። እሱ የጦር ጓደኛውን ባንኮን ያስገድላል፤ ግብር ላይ ከእሱ በቀር ማንም የማያየውን የሟቹን መንፈስ ያያል። ግን አይቆምም። የባላንጣውን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስጨርሳል። በኋላ ፍርሃት ምን ምን እንደሚል እንኳን ረስቻለሁ ባይ ይሆናል።

እሷስ? አራተኛውን ገቢር ሙሉ የለችም። አምስተኛው ላይ በእንቅልፏ እየተራመደች ትመጣለች። ከግድያው በፊት ጨለማን ና ሸፍነኝ ያለችው ሴት አሁን ከአጠገቧ መብራት እንዳይጠፋ አዝዛለች። እጇ ላይ የሌለ ደም ታሻለች። ድሮ በግጥም ታወራ የነበረችው ሰው በተቆራረጠ ስድ ንባብ ትለፈልፋለች። ሼክስፒር ውድቀቷን በአነጋገሯ ሳይቀር አሳይቶናል። ሐኪሙ እንኳን ከሐኪም ይልቅ ካህን ያስፈልጋታል ብሎ እጁን ይሰጣል። (ጸበል ውሰዷት ማለቱ ነው።)

ደግሞ ከየት መጣ እንዳይባል፣ ስንጥቁ ከመጀመሪያውም ነበር። ንጉሡ ተኝቶ አባቴን ባይመስለኝ እኔው እገድለው ነበር ትላለች። ይኼን ክፍል ውስጥ ባነሳው የተሰጠኝ መልስ «ፈተና ላይ አይመጣም» ነው። ወይ ጉድ!

ፈተናው ላይ «ሌዲ ማክቤዝ ለምን ወደቀች?» የሚል መጣ። ጸጸት ብቻውን አልጣላትም፣ ብቸኝነትም አለበት ብዬ ጻፍኩ። ዳንከንን ሲገድሉ አብረው ነበር የመከሩት። ባንኮ ላይ ሲደርስ ግን ባሏ ነገሩን ደበቃት፤ ሲሆን ታጨበጭቢያለሽ፣ እስከዚያ ባታውቂ ይሻልሻል አላት። ከዚያ ወዲያ የዚያን ሌሊት ሸክም የምታወራው ሰው የላትም። ለማን ትናገር? በእንቅልፏ ተናገረችው! እኔ ይኼን ሁሉ ከተውኔቱ እየጠቀስኩ ጽፌ ምን ተባልኩ መሰላችሁ? «ከኖቱ ውጪ ነው»። ዜሮ። «ጸጸት» ብሎ አንዲት ቃል የጻፈው ጎረቤቴ ሙሉ ማርክ አገኘ።

አምስተኛውን ገቢር ቁጭ ብሎ አብሮኝ የሚያነብ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ኖት የሚልክልኝን ግን ብሎክ ነው የማደርገው።