ተራራው ነው ወይስ ፀሐይ?

የክርክሩ ርእስ፦ «የኢትዮጵያን የአየር ንብረትና ሕይወት በዋናነት የቀረጸው ከምድር ውስጥ የመጣው ኃይል ነው።» ደጋፊው የዐለት ተመራማሪ ነው፤ ተቃዋሚዋ የሐይቅ ደለል እየመረመረች የጥንቱን ዘመን ዝናብ የምታጠና ባለሙያ ናት። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ይህ ርእስ ተከራካሪ ማግኘቱ ራሱ ይገርመኛል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ የወጣው ቅልጥ ዐለት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ እየተነባበረ፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ባዛልት ሠራ፤ አብዛኛውም የፈሰሰው 1 ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው በገደሉ ላይ እርከን እርከን ሆኖ የሚታየውን ንብርብር ያውቀዋል፤ ያ እርከን በየጊዜው የፈሰሰው ላቫ ነው። ከዚያም ከሥር የሚገፋው ትኩስ ዐለት ምድሩን አነሣው፤ መካከሉ ተሰንጥቆ ስምጥ ሸለቆ ሆነ።

በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ደጋው ባይኖር ኖሮ የሚወጣበት ዳገት አያገኝም ነበር፤ ወጥቶ ካልቀዘቀዘ ደግሞ የተሸከመውን አይጥልም። ዓባይም ያን ሁሉ ቀይ አፈር ይዞ ግብፅ አይደርስም ነበር። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ያለውን የተርካናን ቆላ እንመልከት፤ ነፋሱ በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ተጨምቆ በፍጥነት ስለሚያልፍ እርጥበቱን ሳያወርድ ይሄዳል፤ አገሩም ደረቅ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ከፍታ በአንድ በኩል ዝናብ ሰጠ፣ በሌላው በኩል ነሣ። ጭላዳም ሆነ ዋልያ ከዚህ አገር ደጋ ውጭ በዱር የትም አይገኙም። ከዚህም አልፌ እላለሁ፦ ያ ሁሉ ባዛልት በዝናብ ውሃ እየበሰበሰ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠጠ፣ ዓለምን አቀዘቀዘ፣ አንታርክቲካንም በረዶ አለበሰ።

ተቃዋሚ፦

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የተቀረው ክርክር እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው እርሱ ነው። ታላቁ የአንታርክቲካ ግግር በረዶ የተጀመረው የዛሬ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ላቫው የፈሰሰው፣ ተከራካሪዬ ራሳቸው እንደጻፉት፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። እንግዲህ ልጁ አባቱን በ4 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ የቀረውንም በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት።

አሁን ወደ ሐይቆቹ ልምጣ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ዛሬ የተለያዩ ናቸው። የዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ ግን አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶ የተረፈውም ውሃ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዚያ ሐይቅ ዳርቻ ከዛሬው የሻላ ውሃ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እዚያ ደረቅ ቁልቁለት ላይ ጎንበስ ብሎ አፈሩን የጫረ ሰው የቀንድ አውጣ ዛጎል በእጁ ያነሣል። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የትኛው ተራራ አደገ? የትኛውስ ዝቅ አለ? የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በገና ሰሞን ሲሆን፣ የዛሬ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ግን የምትቀርበው በእኛ ክረምት ወራት ነበር። ስለዚህ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሞቃቱ ወራት የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ከዛሬው ከ7 እስከ 8 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ የሞቀው የብስም ከውቅያኖስ እርጥበት አብዝቶ ሳበ። የዛሬው ሰሃራ ሣርና ሐይቅ የነበረው በዚያው ዘመን ነው፤ የሰሃራን ዝናብ ደግሞ የሰሜን ተራሮች አላመጡትም።

ይህ ዑደት አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም። ዓባይ በሞላባቸው ዘመናት በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈው ጥቁር ጭቃ በ20 ሺህ ዓመት ገደማ ልዩነት እየተመላለሰ ሚሊዮን ዓመታትን ወደ ኋላ ይሄዳል። ተራራው በዚያ ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ነው።

ደጋፊ፦

ስለ ዳገት ዝናብ፣ ስለ ተርካና ነፋስ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ አንዲት ቃል አልተመለሰልኝም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መሳለቅ ግን በቂ ሆኖ ተገኝቷል። አንታርክቲካን አለበሰ ስል የተጀመረውን ቅዝቃዜ አጸና ማለቴ እንደሆነ ቅን አንባቢ ይረዳዋል ብዬ ነበር።

ነገር ግን «ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ» የተባለውን ሳላነሣ አላልፍም። በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሬት ላይ ምድሪቱ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ይህ ነው ዝም ብሎ የተቀመጠው? ሻላስ የተቀመጠው በምን ውስጥ ነው? ፈንድቶ በሰመጠ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ አይደለምን? የጣናን መውጫ የገደበውስ ላቫ አይደለም? ተከራካሪዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደለል የሚቀዱባቸውን ሐይቆች የቆፈረላቸው ያ ዝምተኛ ድንጋይ ነው። ዝናብ የቱንም ያህል ቢበዛ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ከሌለ ሐይቅ አይሆንም፤ ደለልም አያስቀምጥም፤ እርስዎም የሚያነቡት መዝገብ አይኖርዎትም።

ወደ ደናክልም እንውረድ። የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ቀይ ባሕር ወደዚያ ረባዳ ገብቶ ነበር፤ በዳርቻው ደርቆ የቀረው ኮራል ምስክር ነው። ምድሩ ባይሰምጥ ኖሮ ባሕሩ በየት ይገባ ነበር? በኋላም ምድሩ ራሱ መግቢያውን ዘጋበት፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬም ጨው ቆራጩ በመጥረቢያ እየጠረበ፣ አሞሌ አድርጎ በግመል የሚያስጭነው የዚያን የስምጠት ፍሬ ነው።

ተቃዋሚ፦

በመጀመሪያው ዙር «አለበሰ» የተባለው በሁለተኛው «አጸና» ሆኗል። በሦስተኛው ደግሞ «ሰላምታ አቀረበለት» እንደሚሆን እንጠብቃለን።

ደናክልን ስላነሡልኝ ግን ከልብ አመሰግናለሁ። ባሕሩ በዚያ ዘመን ብቻ ለምን ገባ? ከዚያ በፊት ረባዳው አልነበረም? የገባው የምድር ምህዋርና የዛቢያዋ ማዘንበል የሰሜኑን ሞቃት ወራት ይበልጥ አሙቀው የዓለምን ግግር በረዶ ስላቀለጡ፣ የባሕር ጠለልም ከዛሬው ጥቂት ሜትሮች ከፍ ስላለ ነው። በረዶው እንደገና ሲከማች ባሕሩ ሸሸ፤ በመጨረሻም ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ወረደ። «ምድሩ መግቢያውን ዘጋበት» ከማለት በፊት ውሃው ራሱ ወደ ኋላ መሸሹን መጥቀስ ይገባ ነበር።

ሕይወትንም በተመለከተ ከፍታን ብቻ መቁጠር አያዋጣም። የቀይ ቀበሮ አባቶች ከአውሮፓና ከእስያ ወገን የሆኑ፣ ተኩላ የሚመስሉ እንስሳት ናቸው፤ ወደዚህ የደረሱትም በመጨረሻው የበረዶ ዘመን እንደሆነ ይታመናል። ያን ጊዜ በባሌ በሰነቴ አምባ ዙሪያ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ በጫፍ ላይ ብቻ የቀረው የውርጭ ሣር እስከ ታች ወርዶ ሰፊ አገር ይሸፍን ነበር። ሙቀቱ ሲመለስ ሣሩ ወደ ላይ ሸሸ፤ ቀበሮውም አብሮት ወጥቶ በየአምባው ተነጣጥሎ ቀረ። ተራራው ከዚያ በፊትም በኋላም ያው ነው። በደቡብ ጨው ባሕር በተባለው ረባዳ በ2014 ተቆፍሮ የወጣው ደለል የ620 ሺህ ዓመት ታሪክ ይዟል፤ የሚናገረውም እርጥብና ደረቅ ዘመን ሲፈራረቅ ነው። የእኛ ዝርያ ብቅ ያለውም በዚያ ፍርርቅ መካከል ነው። ስለዚህ ሕይወትን የቀረጸው ለውጡ እንጂ ከፍታው አይደለም፤ ክርክሩም በእውነቱ ስለዚሁ ነው።

ደጋፊ፦

ክርክሩ ስለዚሁ አልነበረም፤ አሁን ግን እንዲሆን ተፈርዷል። ይሁን። ስለ ለውጥ ከሆነ ስለ ለውጥ እንነጋገር። የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በሱማትራ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ብናኙ እስከ መተማ ደረሰ። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ሰፍረውበት በነበረው ስፍራ በዐይን የማይታይ የመስታወት ቅንጣት በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2024 ታትሟል። በዚያው ንብርብር ላይ አገሩ ደረቅ ሆነ፣ ሰዎቹም ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ አበዙ። በ1783 በአይስላንድ የላኪ ስንጥቅ ሲፈነዳ ደግሞ የደጋችን ዝናብ ደከመ፣ ዓባይ ጎደለ፣ ግብፅ ተራበች። የእርስዎ ምህዋር ለአንድ ዙር 20 ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ሰው የሚራበው ግን በአንድ ክረምት ነው።

ተቃዋሚ፦

ከሰሜን ተራሮች ተነሥተን ሱማትራንና አይስላንድን ጎበኘን፤ ርእሱ ግን «ኢትዮጵያ» ይላል። አይስላንድ ላይ የፈነዳው የእርስዎን ደጋ ያነሣው ኃይል ከሆነ ማስረጃውን ያቅርቡ።

የሽንፋ ሰዎች ግን ለእኔ ይመሰክራሉ። ወንዙ ሲደርቅና በየኩሬው ሲቀር ዓሣው ለመያዝ ቀለለ፤ እነርሱም ያዙት፤ በስፍራው መኖራቸውንም ቀጠሉ። ይህ ተቀርጾ መቅረት ሳይሆን መላ መምታት ነው። በባሌ ፊንጫ ሀበራ የተባለውን ዋሻም ይመልከቱ፤ ከባሕር ጠለል 3,470 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት፣ በላዩ ባሉት ጫፎች በረዶ ተኝቶ ሳለ፣ ሰዎች ወጥተው ይሰፍሩበት ነበር፤ ትልቁን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ፣ የድንጋይ ስለት ይሠሩ ነበር። ቆላው ሲደርቅባቸው ከበረዶ የሚቀልጥ ውሃና ሥጋ ያለበትን ስፍራ ራሳቸው መረጡ። ተራራው ወደ ላይ አልጠራቸውም።

ደጋፊ፦

የድንጋይ ስለት ይሠሩ ነበር ብለው በአጭሩ አልፈውታል። ስለቱ ኦብሲዲያን ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው የፈለጡት፣ ላቫ በፍጥነት ቀዝቅዞ የሆነው ጥቁር መስታወት። ያንን ዳገት በዚያ ብርድ የወጡት ለዚሁ ነው፤ እርስዎም ከምን እንደተሠራ ሳይነግሩን የቀሩት ረስተው አይመስለኝም።