በዓይኑ ለሚበላ እንግዳ የቀረበ ምስጋና

ለሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ብቅ የሚል እንግዳ በምግብ ቤት ምርጫ የደረሰበትን የጥበብ ደረጃ አይቶ የማያደንቅ ሰው ካለ ምቀኛ መሆን አለበት። ከደሴ ይምጣ ከሐዋሳ፣ ከዋሽንግተን ይምጣ ከዱባይ፣ ጥበቡ አንድ ነው። ድሮ እንግዳ የተባለ ሁሉ ጋራዥ በር ላይ የቆመ መካኒክ ጠርቶ «ወንድሜ፣ ደህና ምሳ የት ይገኛል?» ይል ነበር። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት! የዛሬው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ስልኩን አውጥቶ የምግብ ቪዲዮ ያያል። ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ጉርሻው ጥርሱን ሳይነካ ዓይኑን ጨፍኖ «ኡፍፍ!» ይላል። እኛ ተራ በላተኞች ጣዕም ለማወቅ ማኘክ ግድ ይለናል፤ ለእሱ የካሜራው መብራት ይበቃዋል። የዚያን ማዕድ ሒሳብ ማን እንደከፈለ መጠየቅ ደግሞ ጨዋነት አይደለም። እንግዳችን ጨዋ ነው፣ አይጠይቅም።

ቤት የሚመርጥባቸው መለኪያዎችም የተጠኑ ናቸው፦ ከጣሪያ የሚንጠለጠል አምፖል፣ ግድግዳውን ያለበሰ የፕላስቲክ ቅጠል፣ በሮዝ መብራት የተጻፈ የእንግሊዝኛ አባባል፣ አሥር መኪና የሚያቆም ግቢ። ከእነዚህ አንዱም አይታኘክም። ግን ሁሉም ፎቶ ላይ ይወጣሉ፤ ፎቶ ደግሞ አይሻግትም።

ይህ ካልበቃው የታክሲ ሹፌሩን ያማክራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ጥሩ ምግብ ቤት ውሰደኝ» የሚል ነው። ሹፌሩም ምን ያድርግ፣ እንግዳ የሚወሰድበት ቦታ ይወስደዋል። «አንተ ራስህ ምሳ የት ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ ለእንግዳ ክብር አይመጥንም፤ መልሱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ ያለች፣ ወንበሮቿ የማይመሳሰሉ ቤት ልትሆን ትችላለችና። የዚያች ቤት ደንበኞች ነገም ከነገ ወዲያም የሚመለሱ የባንክ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎችና ሹፌሮች ናቸው። ባለቤቷ ሰኞ ወጡን ብታበላሽ ማክሰኞ ወንበሯ ባዶ ይውላል። እንግዳችን የሚመርጠው ቤት ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነፃ ነው። ዛሬ የበላው ነገ አውሮፕላን ላይ ነው፤ ነገ ሌላ እንግዳ ይመጣል።

ያቺ የጀርባ ቤት ሌላም ነውር አለባት፦ 8 ሰዓት ሲሆን «ምስር አልቋል፣ ተጋቢኖ ብቻ ነው ያለው» ትላለች። ለዕለቱ የሠራችውን በዕለቱ ሸጣ መጨረሷ ነው። ምን ዓይነት ስንፍና! እንግዳው የሚወደው ቤት «አልቋል» የሚል ቃል አያውቅም። ሜኑው ዳጎስ ያለ ነው፤ ክትፎ፣ በርገር፣ ላዛኛ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ የቻይና ሩዝ፣ ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም በሁሉም ሰዓት አለ። ይህ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ኩሽና እንዴት ተሰናድቶ እንደሚጠብቅ የሚያውቀው ፍሪዘሩ ብቻ ነው።

እናም በተራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶሮ ወጥ ያዛል፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከፊቱ ይቀመጣል። «ፍጥነታቸው!» ይላል። እናቱ ቤት ዶሮው 12 ብልት ወጥቶለት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ 2 ወይም 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ ተቁላልቶ፣ በርበሬው እስኪበስል ግማሽ ቀን እንደሚያልፍ ያውቃል። ከተማ ግን ከተማ ነው። ዶሮ ወጥ አድሮ እንደሚጣፍጥ ማንም አይክድም፤ ጥያቄው ስንት ሌሊት አደረ የሚለው ነው። ቁሌቱ ውሃው ለብቻ ሽንኩርቱ ለብቻ ሆኖ ሲቀርብ፣ የዕንቁላሉ አስኳል ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለበት ሲያስር፣ መልሱ ሳህኑ ላይ ተጽፎ ነበር። ግን ሳህን ማንበብ የማን ሥራ ነው? ሜኑ አንብቦ የለም እንዴ!

የክትፎ ነገር ለብቻው ይወደስ። ክትፎ የሚቸኩል ምግብ ነው። ጅማትና ስብ ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ሥጋ በቢላ ይከተፋል፣ ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ለብ እንዳለ ይፈስበታል፣ ሚጥሚጣው ይዋሐደዋል፣ በሞቀ ጣባ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ የደቂቃዎች ነው፤ ቅቤው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ላንቃ ላይም ይለጠፋል። እንግዳችን ይህን ያውቅ ይመስል መጀመሪያ ጣባውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል። አይቡ ወደ ቀኝ፣ ጎመኑ ወደ ግራ፣ ብርሌው ከጀርባ ይግባ። «እጅህን አንሳ፣ ጥላ ሠራህብኝ!» ከላይ አንድ፣ ከጎን ሁለት። ቅቤው ሲፈስ የሚያሳየው ቪዲዮ ስላልተያዘ አስተናጋጇ ደግማ እንድታፈስ ትለመናለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ክትፎው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ይቀምስና «ቅቤው ከበደኝ» ይላል። አይፈረድበትም፤ የደረሰው የካሜራው ትራፊ ነው።

በቢላ የተከተፈውን በማሽን ከተፈጨው ለመለየት ጊዜ አያባክንም። በማሽን የወጣው ተላቁጦ አፍ ውስጥ ሊጥ ይሆናል፤ በቢላ የተከተፈው ፍሬ ፍሬው ይታወቃል። ሥጋው ከፍሪጅ እንደወጣ ከተሠራ ደግሞ ካሜራ ባይኖርም ቅቤው መርጋቱ አይቀርም። እነዚህን በአንድ ጉርሻ ማወቅ ይቻላል፤ እሱ ግን ቆጮውን ገፋ አድርጎ ዳቦ ይጠይቃል።

ለክትፎ የሚመርጠው ወቅትም ይደነቅለት። መስቀል መስከረም 17 ነው፤ በዚያ ሰሞን ብዙ የክትፎ ባለሙያዎች ቤታቸውን ዘግተው ወይም ለተተኪ ትተው አገራቸው ጉራጌ ገብተው፣ ዋናውን ክትፎ ራሳቸው ከቤተሰባቸው ጋር ይበላሉ። እንግዳችን በዚያው ሳምንት ተተኪው የከተፈውን በልቶ «የአዲስ አበባ ክትፎ አበቃለት» የሚል ረጅም ሐተታ ይጽፋል። ታሪክ ሳይመዘገብ እንዳይቀር መቆርቆሩ ነው።

የጾም አቆጣጠርም አይበግረውም። በያይነቱ የሚያዘው ሰኞ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ምስሩም ክኩም ጥቅል ጎመኑም ከምድጃ ወርዶ ሳይቀዘቅዝ በሚያልቅበት ቀን፣ እሱ ጥብስ ያምረዋል። ሁዳዴ ገብቶ ብዙው ልኳንዳ ለ55 ቀን ሲቀዘቅዝ ቁርጥ ቁርጥ ይለዋል፤ ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ሲመጣ፣ ረቡዕና ዓርብ በማይጾሙባቸው በእነዚያ 50 ቀናት፣ የጾም በያይነቱ ናፍቆት ያንገበግበዋል።

ልኳንዳ ቤት ሲገባ ያለው የዋህነትስ! የከተማው ሰው ሳይቀመጥ ወደተሰቀለው ሥጋ ይሄዳል። የቄራው ማኅተም መኖሩን ያያል፤ «ከታናሹ ግማሽ ለቁርጥ፣ ከጎድኑ ግማሽ ለጥብስ» ብሎ ቆራጩ ሲቆርጥና ሲመዝን ፊት ለፊት ይቆማል። እንግዳው እንዲህ ያለ አለመተማመን አይወድም። ቁጭ ብሎ ለአስተናጋጁ «አንድ ኪሎ» ይላል፤ ኪሎውም ይመጣለታል፣ አጥንቱ፣ ሞራውና ጅማቱ አንድም ሳይጎድል። ሰዓቱም ማታ ነው፤ ጠዋት የገባው ሥጋ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ሲጠብቀው ውሏል። ማኅተም ቢኖረውም ጥሬ ሥጋ ከኮሶ ሙሉ ዋስትና እንደሌለው ለሚነግረው ሰው «አዋዜው ይገድለዋል» ብሎ ይስቃል። አዋዜም አይገድለውም፣ አረቄም አይገድለውም፤ እሳት ነው የሚገድለው። 2 ወይም 3 ወር ቆይቶ የአገር ቤት ማስታወሻው ራሱ ብቅ ይላል። ከሽሮ ሜዳ ከሚገዛው ስጦታ ሁሉ ይበልጣል፤ ሻንጣ አይዝ፣ ቀረጥ አይከፈልበት።

እንጀራው ነጭ ካልሆነ አይነካም። ማኛ ጤፍ ነጭ ነው፤ ሩዝ የተቀላቀለበትም ነጭ ነው። ልዩነቱ ሲጠቀለል ይታያል፤ ሩዝ የበዛበት ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ ግን ጠየም በማለቱ ብቻ ወደመጣበት ይመለሳል።

በካርታ የሚሄደው ዓይነትም አይረሳ። ስልኩ ኮከብ በኮከብ የሆነ ቤት ፒያሳ ይጠቁመዋል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ምግብ ቤቶች ተነሥተዋል፤ አንዳንዱ ሌላ ሰፈር ገብቷል፣ አንዳንዱ ጨርሶ የለም። ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ ግን ንቅንቅ አላለችም። ደውሎ «አሁን የት ናችሁ?» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እሱ ግን ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ ያማትራል። ቢሆንም አይከስርም፣ አበባውና መብራቱ ለፎቶ ይሆናሉ።

ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ እንደ እሱ ያለ ጨዋ የለም። ሜኑው ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል «ዋጋው ሰርቪስና ቫት አይጨምርም» ተብሎ ነበር። ስለዚህ 1,000 ብር ያለው ማዕድ የ10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርበትና 1,100 ይሆናል፤ በዚያ በ1,100ው ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ይገባል። ሳይታዘዝ የተከፈተው ትልቁ ውሃ ለብቻው ነው፤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተጠጣ ቢራ ገብቶበት እንደሆነም አያይም። ደረሰኙን መስመር በመስመር ማንበብ የንፉግ ሥራ ነዋ! በዚያ ላይ ጉርሻ ይጨምራል፣ ውጭ ደግሞ መኪናውን «ሲጠብቅለት» ለነበረው ሌላ ጉርሻ።

አንዳንዴ እግር ጥሎት፣ ወይም ዝናብ አባርሮት፣ ከዚያች ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ቤት ይገባል። ተጋቢኖው በሸክላው እየተንተከተከ ይቀርብለታል፤ እንጀራው የዛሬ ነው፣ ቃሪያው ስንግ ነው፣ የከፈለውም ባለአምፖሉ ቤት ለውሃ ከሚከፍለው ብዙም አይበልጥም። ጠርጎ ይበላና አስተያየቱን ይጽፋል፦ «ሽሮው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ፓርኪንግ የለም፣ መብራቱ ለፎቶ አይመችም፣ ወንበሩ የፕላስቲክ ነው። ሁለት ኮከብ።»

ሌላው እንግዳ ይህን አንብቦ ወደ ሮዙ መብራት ይታጠፋል። ምስጋናችን እንዲህ የበዛውም ለዚሁ ውለታው ነው፤ ረቡዕ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያች ቤት ስንደርስ ወንበር የምናገኘው፣ ምስሩም ሳያልቅ የሚደርሰን በእሱ ነው። ሁለቱን ኮከብ ወደ አንድ ቢያወርድልን ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ መዘግየት እንችል ነበር።